ካሣና ቀዩ በረዶ

ካሣ ይመር በአሰብ የነዳጅ ማጣሪያ የፓምፕ ኦፕሬተር ነበር። ሥራውን ከሚያውቁለት ሰዎች ይልቅ ሳቁን የሚያውቁለት ይበዙ ነበር። ጠዋት ሠራተኛ የሚያመላልሰው ሰርቪስ ከመኖሪያ ሰፈሩ ሊነሣ ሲል ከኋላ ወንበር አንድ ሳቅ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ዞር እንኳን ሳይል፣ «ካሣ ገብቷል ማለት ነው፤ እንሂድ» ይላል።

ካሣ የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ወደ አሰብ የመጣው በጉርምስናው፣ ትንሽ ሠርቶ ሊመለስ ነበር። ግን ሥራው ያዘው፤ ደመወዙም ጥሩ ነበር። ዘውድነሽን ከአገሩ አግብቶ አመጣት፤ ቴዎድሮስና ቤዛ አሰብ ተወለዱ። ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ብዙ የሥራ ባልደረቦቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ እሱ ቀረ። ማጣሪያው ይሠራ ነበር፣ እሱም የሚያውቀው ሥራ ያንኑ ነበር።

ደገኛው ክረምት ብሎ ካፖርት በሚደርብባቸው ወራት አሰብ ይነዳል። ንፋሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት የሚበቃው ነው የሚመስለው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አቅም ያለው ሁሉ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ደጋ ይሰዳል። ዘውድነሽም በየክረምቱ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ኮምቦልቻ ትወጣና መስከረም ሲጠባ ትመለሳለች። ካሣ እነዚያን ወራት እንደምንም ይገፋቸው ነበር፤ መጨረሻቸው ይታወቃልና።

በ1987 ዓ.ም. ክረምት ግን መጨረሻው ተለወጠ። ትንሿ ቤዛ አስም ነበረባት። ደጋ ስትወጣ ደረቷ ይከፈታል፤ አሰብ ስትወርድ ይዘጋል። ደሴ ያያት ሐኪም፣ «ይህቺ ልጅ ወደዚያ ሙቀትና አቧራ ባትመለስ ይሻላል» አለ። ዘውድነሽ በስልክ ነገረችው። ካሣ፣ «እንግዲህ የልጅ ትንፋሽ ይቀድማል» አላት። እሷም አለቀሰች፣ ተስማሙ። ማንም ማንንም አልበደለም። መስከረም ጠባ፣ ሰርቪሱ የሌሎቹን ልጆች ወሬ ይዞ ተመላለሰ፣ የካሣ ቤት ግን ልጅ ሳይገባበት ቀረ።

መጀመሪያ ምግብ ይሠራ ነበር። ሽሮ ያንተከትካል፣ አንዳንዴም ዓሣ ይጠብሳል። ግን ያዘጋጀው ለአራት ሰው የለመደ እጅ ነውና ሁልጊዜ ይተርፋል፤ በማግሥቱ ያንኑ ይበላል፣ በሦስተኛው ቀን ይደፋል። «ለአንድ አፍ ምን ይሠራል?» ማለት ጀመረ። ድስቱ ከመደርደሪያው ሳይወርድ የሚያልፈው ሳምንት በዛ። እራቱ ዳቦና ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ሆነ። ቆሞ፣ ፍሪጁን ተደግፎ፣ ዳቦውን በወተቱ እየነከረ ይበላል። የልጆቹን አልጋዎች ላለማየት ወደ ውስጠኛው ክፍል አይገባም ነበር።

ቀጥሎ ቀዩ በረዶ መጣ።

ከሰፈሩ ወደ ገበያው ሲወጡ ሳልም የሚባል የመናዊ ሽማግሌ በረዶ ይሸጣል። ትልቁን የበረዶ ጉማጅ በጆንያ ይሸፍንና በብረት እየፋቀ ብርጭቆ ይሞላል፤ ከላይ ቀይ ሽሮፕ ያፈስበታል። ዘውድነሽ ልጆቹን ወደዚያ የምትወስደው ዓርብ ዓርብ፣ ያውም ከምሳ በኋላ ነበር። ካሣ ብቻውን የሄደ ዕለት ሳልም እጁን በሽርጡ ጠረገና፣

«አህለን ካሣ! ቤዛ እንዴት ናት? ደረቷ ዳነ?» አለው።

ካሣ ከሰው አፍ የልጁን ስም ከሰማ ቆይቶ ነበር። ያን ዕለት ሁለት ብርጭቆ በረዶ በላ። በማግሥቱ ተመለሰ። የሚመጣው ለወሬው ቢሆንም ባዶ እጅ ቆሞ ማውራት ነውር ስለሚመስለው በረዶ ይገዛል። ውሎ አድሮ ትልቅ ፔርሙዝ ይዞ መምጣት ጀመረ። ሳልም በበረዶና በሽሮፕ ይሞላለታል፤ ካሣም ይዞት ሥራ ይገባል። ፓምፖቹ መሐል ተቀምጦ ሰዓቱን ሙሉ አንድ አንድ ጉንጭ ይላል። ፔርሙዙ ሲያልቅ በኪሱ ከረሜላ አለ። ጣፋጩ አፉ ውስጥ ሲቀልጥ አንድ የሚጠብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል።

ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ጥርሱ መናገር ጀመረ። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው እስከ ጆሮው ይወጋዋል። በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ ለመደ። ቅርንፉድ ነክሶ ይተኛል። «ሙቀቱ ነው» አለ ለራሱ። አሰብ ውስጥ ሁሉ ነገር በሙቀቱ ይሳበባል።

አንድ ቀትር ላይ፣ ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን እያለ፣ ፔርሙዙ ሥር የቀረችውን የበረዶ ቁራጭ በፊት ጥርሱ ቆረጠማት። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ። በረዶው የተሰበረ መስሎት ነበር። ምላሱን ሲያንቀሳቅስ ስለት ነገር ነካው፤ መዳፉ ላይ ሲተፋ ከቀዩ ውሃ ጋር የጥርሱ ግማሽ ወጣ። ከውስጥ ቀድሞ ተቦርቡሮ ኖሮ ጠርዙ ጠቁሯል። ካሣ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት «እይልኝ!» የሚለው ሰው ይፈልጋል። ፓምፖቹ ያጓራሉ። ቁራጯን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ሥራውን ቀጠለ።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ ሲያዝን እሱ ይስቃል። የካሣ ሆድ ዓመቱን ሙሉ ሲያዝን ጥርሱ ስቆለት ነበር። አሁን እሱም ከዳው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰርቪስ ውስጥ ከሾፌሩ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይቀመጥ ጀመር። ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል። ቀልድ ሲሰማ ከንፈሩን ገጥሞ በአፍንጫው ይተነፍሳል። አብረው የሚሠሩት ሰዎች ነገሩ አልገባቸውም። አንዳንዱ «ኮራብን» አለ፤ ሌላው «ቤተሰቡ ጋ አንድ ነገር ቢኖር ነው» አለ። የቅርብ ጓደኛው ይልቃል አንድ ቀን በር ላይ ጠበቀው።

«ካሣ፣ ምን አጠፋን?»

«ማን? ምንም» አለ ካሣ፣ አፉን በእጁ ከልሎ።

«እሑድ ምሳ አብረን እንበላ ነበር። ቀረህ። ወጥ አልጣፈጠም በለንና እንወቀው።»

«ደክሞኝ ነው ይልቃል። ሙቀቱ ነው።»

ካሣ ቤቱ ገብቶ ቬንትሌተሩን ከፈተ፣ የቆርቆሮ ወተቱንም ከፈተ።

ዘውድነሽን በስልክ የሚያገኛት በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ቴሌ ሄዶ ነው። እሷ ኮምቦልቻ ጎረቤት ቤት ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጥርሱ ከተሰበረ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ካሣ የስልክ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና፣

«ዘውድዬ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?» አለ።

«ማነው?» አለች ዘውድነሽ።

«ካሣ ነኝ እንጂ።»

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ያፏጫል።»

«መስመሩ ነው።»

«የመስመር ፉጨት አውቃለሁ። ይህ ከአፍህ ነው የሚወጣው።»

«መስመሩ ነው አልኩሽ! ልጆቹን አገናኚኝ።»

ቤዛ ቀረበች። ካሣ በስልክ ሁልጊዜ የሚነግራት አንድ ተረት ነበር፤ ባሕር ጠጥቶ ሊጨርስ ስለተነሣ አንድ ደፋር ዶሮ፣ ካሣ ራሱ የፈጠረው። ዶሮውን በቀጭን ድምፅ፣ ባሕሩን በወፍራም ድምፅ ይናገርላቸዋል። ባሕሩ «ተመለስ፣ ትሰምጣለህ» ሲል ቤዛ ቀድማው ትስቃለች። ያን ዕለትም ጠየቀችው። ካሣ ጀመረ፤ ባሕሩ ጋ ሲደርስ ግን ቃሉ ሁሉ በተሰበረው ጥርስ በኩል እየሾለከ ፊሽካ ሆነ። ደግሞ ሞከረው። ያው ነው። ቤዛ ስልኩን ከጆሮዋ ስታርቅ ተሰማው፤ ከዚያም ድምፅዋ ከሩቅ መጣ።

«እማዬ፣ አባዬ አይደለም።»

ካሣ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠ። ከቴሌ ወጥቶ በፀሐዩ ውስጥ ወደቡ ድረስ በእግሩ ሄደ። መርከቦቹ ቆመዋል። ከባድ መኪናዎች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው ጭነት ይጠብቃሉ፤ ሾፌሮቹ ከመኪናው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ ቡድን ቡድን ሆነው ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ «ና ተቀመጥ ጋሼ» ብሎ ጋበዘው። ካሣ በእጁ አመስግኖ አለፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጉንጩ አበጠ። ትኩሳት ያዘው። አንድ ጠዋት ሰርቪሱ ውስጥ ይልቃል አጠገቡ ተቀመጠና ፊቱን በግድ ወደ ራሱ አዞረው። አንዱ ዓይን በእብጠቱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር።

«ይህንን ነው ሙቀት የምትለው?» አለ ይልቃል። ሾፌሩን አስቆመና ከካሣ ጋር ወርዶ እጁን ይዞ ክሊኒክ ወሰደው።

የጥርስ ሐኪሟ ሚካል ትባላለች። ከአሥመራ ተመድባ የመጣች፣ ገና ወጣት ናት። አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ ብቅ ይላል፣ እጇ ግን የተረጋጋ ነው። አፉን ከፍታ በመብራቱ ስታይ ፊቷን አላኮሳተረችም፤ ካሣ ይህን ልብ አለ።

«ሁለት መንጋጋ ጥርሶችዎ አይድኑም» አለች። «አንደኛው መግል ይዟል። ዛሬ መግሉን አፈሰዋለሁ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፣ እብጠቱ ሲጎድል እነቅላለሁ። የፊተኛው ሥሩ ደኅና ስላልሆነ እሱም ይወጣል፤ በቦታው ሰው ሠራሽ እናስገባለን። ለመሆኑ ቀኑን ምን ሲበሉ ነው የሚውሉት?»

ካሣ ወለሉን አየ። «በረዶ… በሽሮፕ።»

«ስንት ብርጭቆ?»

«ፔርሙዝ ነው።»

«በአንድ ጊዜ ይጠጡታል?»

«ኧረ አይ! ቀስ እያልኩ ነው። ቀኑን ሙሉ።»

«አይ ወንድሜ፣ የባሰው እሱ ነው» አለች ሚካል፣ ወንበሯን ወደ እሱ ስባ። «ጣፋጭ አፍ በገባ ቁጥር ጥርስ ላይ ያሉት ጀርሞች ስኳሩን ይበሉና አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ ጥርሱን ያላላዋል። ምራቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ይጠግነዋል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እርስዎ ጊዜ አልሰጡትም። አንዱን ጉንጭ ሳይጨርስ ሌላ ይወርድበታል። በዚህ ሙቀት ላይ አፍ ይደርቃል፣ ምራቁም ያንሳል። ጣፋጭ ካማረዎ ከምሳ ጋር አንድ ጊዜ በልተው በውሃ ቢጉመጠመጡ ይሻል ነበር። በረዶውን መቆርጠም ደግሞ ጥርስን እንደ መዶሻ መጠቀም ነው።»

«ታዲያ ምን ልብላ?» አለ ካሣ። ድምፁ ከፉጨቱ ጋር ሲወጣ አፈረ። «ቤት ማንም የለም። ለአንድ ሰው ምን ይሠራል?»

ሚካል ጓንቷን አወለቀች።

«እኔም ብቻዬን ነው የምበላው» አለች። «ማታ እንቁላል እቀቅላለሁ። አንድ እንቁላል ድስት ውስጥ ብቻዋን ስትንከባለል ድምፅዋ ያሳዝናል። ግን እበላታለሁ። ካልበላኋት ብስኩት ነው የምበላው፤ ብስኩት ደግሞ ጥርስ ላይ ተለጥፎ ያድራል። እርጎ ያለ ስኳር ይጠጡ፣ አፋሮቹ ጥሩ ያመጣሉ። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ካሮት፣ ዱባ… ሲድኑ ለውዝም ይቻላል። ሲጠማዎት ውሃ፤ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ግን ባዶ ውሃ። መፋቂያውን አይተዉ፣ ሳይተኙ በፊት ደግሞ በጥርስ ሳሙና ይቦርሹ።»

ጥርሶቹ በተነቀሉ በማግሥቱ ካሣ ቴሌ ሄዶ ዘውድነሽን አስጠራት። የእሑድ ቀጠሮ ስላልነበር እየሮጠች መጣች።

«ማን ሞተ?» አለች እያለከለከች።

«ማንም። ጥርስ ነው የሞተው።» ነገራት። በረዶውን፣ የቆርቆሮ ወተቱን፣ የተሰበረውን፣ የተነቀሉትን። ሳያቋርጥ ተናገረ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ልበልሽ? ቆሜ ዳቦ በወተት እየነከርኩ እበላለሁ ልበልሽ? አንቺ እዚያ በልጅ ሕመም ተይዘሽ።»

«ልጅቷ ደኅና ናት ካሣ። ደኅና ናት እኮ። አንተስ?»

ካሣ ስልኩን ጨብጦ ትንፋሽዋን ሰማ፣ እሷም የእሱን። ሰዓቱ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሁለቱም አልዘጉትም።

ከኮምቦልቻ የሚመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ብዙም ሳይቆይ የካሣን በር አንኳኳ። ትከሻው ላይ ጆንያ ተሸክሟል። በውስጡ ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ በርበሬና በጣሳ የታሸገ ቅቤ አለ።

«ባለቤትዎ ናቸው የላኩት» አለ ሾፌሩ፣ ላቡን እየጠረገ። «‹ለእንግዳ ብሎ እንዳያስቀምጠው፣ ለራሱ ነው በልልኝ› ብለዋል።»

ካሣ ሾፌሩን ግባ፣ እራት ብላ አለው። ሾፌሩ የጭነት ተራው ደርሶ ነበርና ቆሞ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ካሣ ድስቱን አወረደ፤ አቧራ ነበረበት። አጠበውና ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ፣ አንድ ሰው በሚበላው ልክ፣ ምስር ወጥ ሠራ። ጨው በዛበት። ተቀምጦ በላው።

ጣፋጩን መተው ከጠበቀው በላይ ከበደው። ፓምፕ ክፍሉ ውስጥ እጁ ሳያስበው ኪሱን ይዳስሳል። ፔርሙዙ ውሃ ብቻ ሲይዝ ቀኑ ረዘመ፤ ያ ሁሉ ጉንጭ ሰዓቱን ሲቆራርጥለት ኖሯል። ከሁሉም የከበደው የሳልም ነገር ነበር። በረዶ ካልገዛ በየት በኩል ወደዚያ ይሄዳል? ወደ ገበያ የሚወጣበትን መንገድ ለወጠ። አንድ ዓርብ ግን ሽማግሌው ራሱ መሐል መንገድ ላይ አገኘው።

«ካሣ! ተቀየምከኝ?»

ካሣ አፉን ከፍቶ አሳየው። ሳልም ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተና ምላሱን ጠጠጠ አደረገ።

«ይህ ከእኔ በረዶ ነው?»

«ከእኔ ነው። በረዶህን ልጆች የሚበሉት በሳምንት አንዴ ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ነበር።»

«እና ለዚህ ነው ሰላምታ የከለከልከኝ? እኔ በረዶ እንጂ ሰላምታ ሸጬ አላውቅም» አለ ሳልም። ክንዱን ይዞ በረዶ ወደሚሸጥበት ጥላ መለሰው፤ ሣጥን ገልብጦ አስቀመጠው፣ ውሃም ሰጠው። የቤዛን ደረት ጠየቀው። ከዚያ ወዲያ ካሣ ዓርብ ዓርብ እዚያ ይቀመጣል። ብዙም አያወሩም። ሳልም የመን ያሉ ልጆቹን ካያቸው ስንት ዘመን እንደሆነው ካሣ ያወቀው በዚያ ጥላ ሥር ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ካሣ ስለ ሳልም ልጆች አንድም ቀን ጠይቆት አያውቅም ነበር።

ሰው ሠራሹ ጥርስ ከአሥመራ የመጣው ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ነጣ ይላል። ሚካል ካስገባችለት በኋላ መስታወት ሰጠችው። ካሣ ፈገግ ብሎ አየና ከንፈሩን ወዲያው ገጠመ፤ ለምዶበታል። እሑድ ይልቃል ቤት ምሳ ተመለሰ። ሰዎቹ ደስ ብሏቸው ተቀበሉት። ሳቀም፤ ግን የድሮው ሳቅ አልነበረም። የድሮውን መልሶ አላገኘውም። የሰርቪሱ ሾፌርም በዚህ መሐል ሳቁን ሳይጠብቅ መንቀሳቀስ ለምዷል።

በቀጣዩ ዓመት ማጣሪያው ሥራ አቆመ። ካሣ እቃውን ሸጠ፣ ሳልምን ተሰናበተ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣ ከባድ መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈረ። በረሃውን ጨርሰው ዳገቱን ሲጀምሩ ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ፤ ካሣ የብርድ ንፋስ እንዴት እንደሆነ ረስቶት ነበር።

ቤት የደረሰ ዕለት ዘውድነሽ ትሪ ሞልታ አቀረበች፤ አራቱም ከበቡት። ቴዎድሮስ ቁመቱ አባቱን ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ቤዛ መጀመሪያ እናቷ ጀርባ ቆማ ነበር፤ በኋላ መጥታ ተቀመጠች። ካሣ አጎንብሶ ይበላ ጀመር። ማንንም ሳያይ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከፊቱ ያለውን ጨረሰ። ከዚያ ብድግ ብሎ እጁን ሊታጠብ ወደ ጓዳ አመራ። ልጆቹ እጃቸውን ትሪው ላይ አቁመው እርስ በርስ ተያዩ።

«ካሣ» አለች ዘውድነሽ በቀስታ፣ «የት ትሄዳለህ? ገና አልበላንም እኮ።»

ካሣ ዞሮ አያቸው። ለሦስት ሰው የሚበቃ እንጀራ ትሪው ላይ እንዳለ ያኔ ገና አየ። ተመልሶ በቦታው ተቀመጠ። ቴዎድሮስ ከፊቱ ያለውን ወጥ በእንጀራ ጠርጎ ወደ አባቱ በኩል ገፋለት።